በሰርጋችን ቀን እንግዶቻችንን ለተቀበላችሁ የደብረ ማርቆስ ጎረቤቶቻችን

ይህ ምስጋና ከእኛ ድንኳን ትንሽ አለፍ ብሎ ልጃችሁን ለዳራችሁት ቤተሰብ ነው።

የወንድሜ ሰርግ በጥር ነበር። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለችው ጊዜ አጭር ናት። ሁሉም ልጁን ለመዳር በዚያችው ይሽቀዳደማል። እናም በአንድ ሰፈር ሁለት ድንኳን ቢተከል ማንም አይገርመው። ሞንታርቦው ያው፣ ዘፈኑም ያው!

የአዲስ አበባ ዘመዶቻችን ሌሊት ተነስተው፣ በቅጥቅጥ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው መጡ። ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃ ወርደው ደጀን እስኪወጡ ወገባቸው ተቆራርጧል። ርቧቸዋልም። ዘፈን ወደሰሙበት ገቡ። የገቡት እናንተ ዘንድ ነው።

እጃቸውን አስታጠባችኋቸው። ቀይ ወጡ ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ። ሙሽራው ሙሽሪትን ሊያመጣ ሄዷል። አክስቴ «እናቱስ የት አለች?» ሲሉ «ጓዳ ናት» አላችሁ። እውነት ነው፣ የሁለቱም ሙሽራ እናት ጓዳ ነበረች። አክስቴ እልልታውን አቀለጡት። ያመጡትንም ጋቢ አስረከቡ።

ከዚያ አጎቴ ለምርቃት ተነሱ። የወንድሜን ስም እየጠሩ ረዥም ምርቃት መረቁ። የእናንተ ልጅ ስም ሌላ መሆኑን ድንኳኑ ሙሉ ያውቃል። አንድ ሰው አልሳቀም። ሁላችሁም «አሜን» አላችሁ።

ለካ ገና ሲገቡ አውቃችኋቸው ነበር! «እንግዳ ሳይበላ ተሳስተሃል አይባልም» ብለው ሁሉንም ዝም ያሰኙት የሙሽራው እናት ናቸው። በልተው ሲጨርሱ አክስቴ አጠገብ ቁጭ ብለው እጃቸውን ያዙና «ይሄም ሰርግ የእናንተው ነው፤ ያኛው ግን እንዳያመልጣችሁ» አሏቸው። ያኔ ነው ድንኳኑ በሳቅ የፈረሰው፤ አጎቴም አብረው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ልጅ መድባችሁ፣ አንድ ጀሪካን ጠላ አስይዛችሁ እኛ በር ድረስ አደረሳችኋቸው።

ስልክ ይዛችሁ የነበራችሁ ወጣቶችን ለብቻ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ቲክቶክ ላይ ለመውጣት ደቂቃ አይፈጅበትም። እናንተ ግን ትልቅ ሰው መሳቂያ እንዲሆን አልፈለጋችሁም። ተባረኩ። አሁን ታሪኩን ለሰው ሁሉ የሚያወሩት አጎቴ ራሳቸው ናቸው፤ እኔም የጻፍኩት እሳቸው ሲፈቅዱልኝ ነው።

ጋቢውን ልትመልሱ ብላችሁ አጎቴ እምቢ ብለዋል። ልክ ናቸው። የተመረቀበት ጋቢ አይመለስም፤ ልጃችሁ ይልበሰው።

የፊታችን እሁድ ሁለቱም ሙሽሮች እኛ ቤት ምሳ ይብሉ። አክስቴ ጃንጥላቸውን እናንተ ዘንድ ረስተዋል፣ ያዙላቸው። እናታችን፣ እርስዎ ከቀሩ ደግሞ እናቴ ትቀየማለች።