ክቡር ሚኒስትር፣ ቅድመ ሁኔታውን ከመፈረምዎ በፊት

ይድረስ ለማኅበራዊ ድጋፍ ሚኒስትሩ፣

ድጎማ ቅድመ ሁኔታ ይኑረው የሚለው ሐሳብ ለጆሮ ደስ ይላል። ሥራ፣ ልጅህን ትምህርት ቤት ላክ፣ ከዚያ ክፍያህን ውሰድ። ግብር ከፋዩም ገንዘቤ ሜዳ ላይ አልቀረም ብሎ ይጽናናል። እኔም በደፈናው አልቃወምም። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ፕሮግሬሳ የተባለውን የድጎማ ፕሮግራም ስትጀምር ለእናቶች ገንዘብ የሰጠችው ልጆቻቸው ከክፍል እንዳይቀሩና ጤና ጣቢያ እንዲመላለሱ ብላ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የሚገቡ ልጆች፣ በተለይ ሴቶች፣ በዙ።

እኔን የሚያስፈራኝ ያላሟላው ሰው ጉዳይ ነው።

የአሜሪካዋን አርካንሶ ግዛት ይመልከቱ። በ2018 ለድሆች የምትሰጠውን የጤና ሽፋን ለማግኘት በወር 80 ሰዓት መሥራት ግድ ነው አለች። መሥራቱ ብቻውን አይበቃም፤ በየወሩ ማሳወቅም አለ። መጀመሪያ ላይ ማሳወቅ የሚቻለው በኢንተርኔት ብቻ ነበር። ድረ ገጹ ደግሞ ማታ ማታ ይዘጋል! (ድረ ገጽም እንደ ቢሮ ሰዓት አለው ለካ።) በጥቂት ወራት ውስጥ ከ18 ሺህ በላይ ሰዎች ሽፋናቸውን አጡ። በኋላ ሲጠና የሠራተኛው ቁጥር አልጨመረም። ደንቡ ከሚመለከታቸው አብዛኞቹ ድሮም ይሠሩ ነበር፣ ወይም ከግዴታው ነፃ መሆን የሚገባቸው ነበሩ። ቅጣቱ ያረፈው ፎርም ባልሞላው ላይ ነው። በ2019 ፍርድ ቤት አስቆመው።

ማላዊ ውስጥ፣ ዞምባ ላይ፣ ለአንዳንድ ልጃገረዶች በቅድመ ሁኔታ፣ ለሌሎቹ እንዲሁ ገንዘብ ተሰጠ። በትምህርት በኩል ቅድመ ሁኔታው በለጠ፤ ይህን አልደብቅም። በልጅነት ማግባትና ማርገዝ ይበልጥ የቀነሰው ግን እንዲሁ ካገኙት ዘንድ ነው። ከእነሱ ትምህርት ያቋረጠችዋ ክፍያዋ አልቆመባትም። ድጋፉ አጥብቆ የሚያስፈልጋትም ያን ጊዜ ነው። ሞሮኮ ደግሞ ገንዘቡን «ለትምህርት ነው» ብላ ብቻ ሰጥታ ሠራላት፤ ቁጥጥር ሲጨመርበት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልመጣም።

ስለዚህ ቅድመ ሁኔታ ካስፈለገም፣ «ካላሟላ ወዲያው ይቋረጥ» የሚል አንቀጽ አይግባ። ሰው ሳያሟላ ሲቀር መጀመሪያ የቢሮው ሠራተኛ ሄዶ ይጠይቅ። ታሞ ነው? ትምህርት ቤቱ ርቆት ነው? አስተማሪስ አለ? ጥፋቱን የማስረዳት ሸክም የቢሮው ይሁን። ይግባኙ ታይቶ እስኪያልቅ ክፍያው አይቁም። የልጆች ድርሻ በወላጅ ጥፋት አይነካ።

በተለይ በይግባኙ ላይ ያለዎትን አቋም በጽሑፍ ቢያሳውቁን እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ግብር ከፋይ