ዓለት ላይ ስለምትወጣው መኪናህ የሃይድሮሊክ መሪ ለወዳጄ የተጻፈ ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። አንተም ቤተሰቦችህም እንደምን ከርማችኋል? ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ቢያልፍም፣ በመጨረሻው ደብዳቤህ ያነሣኸው ጉዳይ ከሐሳቤ አልወጣም። ዓለት ላይ ለመውጣት በምትሠራት መኪና ላይ የመሪ ሳጥኑን አውልቀህ ሙሉ በሙሉ በሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት) የሚሠራ መሪ ልትገጥም እንደምታስብ ነግረኸኝ ነበርና፣ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት የማውቀውን በዝርዝር ልጽፍልህ ወደድኩ። ከሁሉ በላይ የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ፓምፑን፣ ቫልቩንና ሲሊንደሩን እንደተገኙ አትሰብስብ። በመጀመሪያ ሲሊንደሩን ወስን፤ ቫልቩን በሲሊንደሩ ልክ፣ ፓምፑን ደግሞ በቫልቩ ልክ ምረጥ።

እንደምታውቀው በዚህ አሠራር በመሪውና በፊት ጎማዎቹ መካከል የሚያገናኝ ብረት የለም። መሪውን ስታዞር ከመሪው ዘንግ ግርጌ የታሰረው ኦርቢትሮል የሚባለው ቫልቭ ከፓምፑ ተቀብሎ ለክቶ የሚለቀው ዘይት በቱቦ ሄዶ አክስሉ ላይ የተሰቀለውን ሲሊንደር ይገፋል፤ ሲሊንደሩም ጎማዎቹን ያዞራል። ትራክተርና ፎርክሊፍት ለረጅም ዘመን የኖሩበት አሠራር ነው። ሞተሩ ቢጠፋ ኦርቢትሮሉ ራሱ እንደ እጅ ፓምፕ ሆኖ፣ በብዙ ጉልበትም ቢሆን፣ ጎማውን ማዞር ይችላል፤ ቱቦ ከፈነዳ ግን መኪናዋ መሪ አልባ ትሆናለች። ስለዚህ በአስፋልት ላይም በፍጥነት ልትነዳት ካሰብክ፣ ሳጥኑን ባለበት ትተህ ረዳት ሲሊንደር ብቻ እንድትጨምርበት አጥብቄ እመክርሃለሁ፤ ሕጉም በዚህ ላይ የሚለው ይኖራልና አስቀድመህ አረጋግጥ። ያኔ ከሳጥኑ ተበስቶ የሚወጣው ግፊት ቲራንቴው (ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘው ዘንግ) ላይ የታሰረውን ሲሊንደር ያግዛል፣ ብረቱም እንደ ቀድሞው ጎማውን ይይዛል። በዚህ አሠራር የሲሊንደሩ ምት፣ ማለትም ዘንጉ ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው ርቀት፣ ጎማው ከመዞሪያው ወሰን ከመድረሱ በፊት ማለቅ የለበትም፤ አለበለዚያ ሳጥኑ ከሲሊንደሩ ጋር ሲታገል ይሰበራል።

በተጎታች ተጭና ሄዳ ዓለት ላይ ብቻ የምትሠራ ከሆነ ግን ምርጫህ ትክክል ነው። ከሳጥኑ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ከሻንሲው ተነሥቶ አክስሉ ላይ ስለሚያበቃ፣ አክስሉ ወጣ ገባ ባለ ቁጥር አንተ ሳታዞረው ጎማው ይዞራል። ሲሊንደሩ በራሱ በአክስሉ ላይ ሲታሰር ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ከሻንሲው ወደ አክስሉ የሚወርደው ተጣጣፊ ቱቦ ብቻ ይሆናል። ለእኔ ከጉልበቱም ይልቅ ይህ ጥቅሙ ይበልጣል።

አሁን ወደ ስሌቱ ልምጣ፤ ዘንጉ በሁለቱም ጫፍ የሚወጣ፣ የውስጥ ዲያሜትሩ 60 ሚሊ ሜትር፣ የዘንጉ ውፍረት 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ሲሊንደር አስብ። ዘይቱ የሚገፋው ስፋት የፒስተኑ ስፋት የዘንጉ ተቀንሶበት ነውና 15.7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ይመጣል። በ100 ባር ግፊት 1.6 ቶን ያህል ይገፋል ማለት ነው፤ ነፋሱ ተቀንሶለት በሁለት ድንጋዮች መካከል የተሰነቀረ 40 ኢንች ጎማ የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ኃይል ነው። ምቱ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ 314 ሴንቲ ሜትር ኩብ ዘይት ይወስዳል። ኦርቢትሮሉ በአንድ ዙር 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚለቅ ቢሆን መሪውን ከ3 ዙር በትንሹ አልፈህ ታዞራለህ፤ 160 የሚለቅ ቢሆን ደግሞ 2 ዙር እንኳ አይሞላም። ትልቁ ፈጣን ስለሆነ ብዙዎች ይመኙታል፤ ነገር ግን ሞተር ሲጠፋ በእጅ ለማዞር እጅግ ይከብዳል፣ ከፓምፑም ብዙ ዘይት ይጠይቃል። እኔ ብሆን 3 ዙር ገደማ የሚሰጠውን እመርጣለሁ። ዘንጉ በአንድ ወገን ብቻ የሚወጣውን ሲሊንደር ግን ተወው፤ የሁለቱ ወገኖች ስፋት እኩል ስላልሆነ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያስፈልገው ዙር ይለያያል።

ኦርቢትሮል ስትመርጥ የጎማውን ግፊት ወደ እጅህ የሚመልስና የማይመልስ እንዳለ አስተውል። የሚመልሰው መሪውን ስትለቀው ጎማው ወደ መሐል እንዲመለስ ይፈቅዳል፤ የማይመልሰው ጎማውን ከተውክበት ቦታ ይዞ ያቆየዋል። ድንጋይ ጎማውን ሲመታው እጅህን እንዳያንገጫግጭ የማይመልሰውን ውሰድ። በሁለቱም ዘንድ መሪው ከጎማው ጋር በጥርስ አልተያያዘምና፣ ቀጥ ስትል መሪው ሁልጊዜ በአንድ ቦታ አይገኝም፤ ይህ ብልሽት እንዳይመስልህ።

ስለ ፓምፑ የምለው ዓለት ላይ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) የሚሠራ ስለሆነ፣ የፓምፑ ዐቅም በሚኒሞ መለካት አለበት የሚለውን ነው። መሪውን በአንድ ሴኮንድ አንድ ዙር ተኩል ለማዞር የ100ው ኦርቢትሮል በደቂቃ 9 ሊትር፣ የ160ው ከ14 ሊትር በላይ ይጠይቃል። ፓምፑ ይህን ካላቀረበ መሪው በእጅህ ይከብዳል፤ ሰዎችም ጥፋቱን በሲሊንደሩ ያላክኩና የበለጠ ትልቅ ሲሊንደር ገዝተው ነገሩን ያብሳሉ። የፓምፑን ፑሌጃ (ቺንጋው የሚያዞረውን መዘውር) ማሳነስ ፍሰቱን ይጨምራል፤ ሞተሩ በከፍተኛ ፍጥነት ሲዞር ግን ፓምፑ ከዐቅሙ በላይ እንዳይሽከረከር አስላ። ጎማው ዳር ደርሶ መሪውን አጥብቀህ በያዝክ ጊዜ ሁሉ ዘይቱ በግፊት ማስተንፈሻው (ግፊቱ ሲበዛ በሚከፈተው ቫልቭ) በኩል ስለሚያልፍ ጉልበቱ በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በመመለሻው መስመር ላይ ማቀዝቀዣና ፊልትሮ አድርግ፤ የዘይቱን ጋን ከፓምፑ ከፍ አድርገህ ስቀለው፣ ወደ ፓምፑ የሚወርደውም ቱቦ ወፍራም ይሁን። ፓምፑ ሲያፏጭና ዘይቱ አረፋ ሲያወጣ አየር እየሳበ ነው።

ሲሊንደሩን ስታስር ዘንጉ ከሚገፋቸው ክንዶች ጋር በከፍታ መስተካከሉን ተመልከት፤ ወደ ጎን የሚጫነው ኃይል ዘንጉን ያጎብጠዋል፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎሚኒም ይበላዋል። የአክስሉ ክሮቼራ (ጎማው ሲታጠፍ ኃይል የሚያስተላልፈው መስቀለኛ መጋጠሚያ) በመጨረሻው መዞሪያ ላይ ከመናከሱ በፊት መሪው መቆም አለበት። ቱቦዎቹን ከመቁረጥህ በፊት አንዱን ጎማ እስከ መጨረሻው አንሥተህ ሌላውን አንጠልጥለህ ለካ፤ በደልዳላ መሬት የበቃ ቱቦ ዓለት ላይ ያጥራል። የኦርቢትሮል ውስጡ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ከብየዳና ከቁርጥራጭ ብረት የተረፈ ብናኝ ያበላሸዋል፤ ሁሉንም አጥበህ ግጠም። ከዚያም የፊቱን ጎማዎች ከመሬት አንሥተህ፣ ሞተሩን ሳታስነሣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለህ ደጋግመህ በማዞር አየሩን አስወጣ፤ ቀጥሎም በሚኒሞ ድገመው። ጎማው ከመሪው በተቃራኒ ቢዞር ወደ ሲሊንደሩ የሚሄዱትን ሁለቱን ቱቦዎች አለዋውጣቸው።

ኦርቢትሮሉን ከማዘዝህ በፊት አክስልህ ላይ ለሲሊንደሩ ያለህን ቦታ፣ ጎማው ከዳር እስከ ዳር ሲዞር ክንዱ የሚሄደውን ርቀትና የፓምፕህን ዐቅም ለክተህ ጻፍልኝ፤ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን።

ወዳጅህ