ስሙ ያልታወቀውን ቡቃያ ለመንቀል አትቸኩሉ

ውድ የጓሮ አትክልት ቡድናችን አባላት፣

ክረምቱ ከገባ ወዲህ “ይህ የበቀለው ምንድን ነው?” የሚል ጥያቄ በዝቷል። እባካችሁ ለመንቀል አትቸኩሉ፤ ለመብላት ደግሞ ጨርሶ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ የሚወጡት ሁለት ቅጠሎች የልብ ቅርጽ ካላቸው ቡቃያው የጎመን ዘመድ ሊሆን ይችላል። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን ወይም ሰናፍጭ መሆኑ ግን የሚለየው ቀጣዮቹ ቅጠሎች ሲወጡ ነው። ጠባብ ቅጠልና ቀላ ያለ ግንድ ይዞ ሁለት ሦስት ሆኖ ከአንድ ቦታ የበቀለው ቆስጣ ወይም ቀይ ሥር ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ፍሬያቸው ብዙ ዘር ይይዛልና። ስታሳሱት ደካማውን በመቀስ ቁረጡት፤ ከነቀላችሁት የቀሪው ሥር ይናጋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ አስተናግር ነው። ፍግ በጠገበ አፈር ላይ ፈጥኖ ይበቅላል፤ ከሥሩ እስከ ዘሩ መርዝ ነው። የቅጠሉ ዳር ወጣ ገባ ነው፤ ሲታሽም ይከረፋል። ስትነቅሉት ጓንት አድርጉ፤ ልጆችና ከብቶች ከማይደርሱበትም አስወግዱት።

ጎመኑን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አራርቃችሁ ትከሉት። የታችኛውን ቅጠል እየቀነጠሳችሁ አናቱን ከተዋችሁለት ለወራት ትበሉታላችሁ። የምትጠራጠሩት ቡቃያ ካለ ከላይና ከጎን ፎቶግራፍ አንስታችሁ ላኩልን፤ እስኪለይ ድረስ ወደ ድስት እንዳይገባ።