በጅቡቲ መስመር ለምትሠሩ የማኅበራችን አባላት፦ ስለ ናፍጣ ቁጠባ

የጎማ አየር የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ነው። ሞቃቷ ሚሌ ከተማ ላይ ግፊቱ ጨምሮ ብታዩት አታስተንፍሱ፤ ሙቀቱ ያመጣው ስለሆነ ካስተነፈሳችሁት ሲበርድ ጎድሎ ይገኛል። ግፊቱ በ10 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ሲጎድል የናፍጣ ፍጆታ 1 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ጎማውም ጠርዝ ጠርዙን ይበላል። የተሳቢውን ጎማ (ሁሌም የሚረሳው እሱ ነው) አትዝለሉ።

ቁልቁለት ላይ ፎሌ (ማርሹን ነፃ) አድርጎ መልቀቅ ይቆጥባል የሚባለው ስህተት ነው። መኪናው ማርሽ ውስጥ እያለ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ሞተር ናፍጣ መርጨት ያቆማል። በፎሌ ግን እንዳይጠፋ ይረጫል፤ ፍሬኑም ብቻውን ተሸክሞ ይግላል።

ወረፋ ላይ ሞተር አጥፉ፤ ቆሞ የሚሠራ ከባድ ሞተር በሰዓት 3 ሊትር ያህል ይጠጣል። ከዳገት እንደወጣችሁ ከሆነ ግን ቱርቦው (ለሞተሩ አየር የሚገፋው ክፍል) እንዲበርድ መጀመሪያ 3 ደቂቃ ያህል ጠብቁ።