አኪለስ ራሱን ያወቀባት ሌሊት

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እናትህስ በርትተዋል? ልጆቹ መቼም ጎረምሰው ይሆናል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ዓመታት አለፉ፤ አንድ ቀን ግን ከሐሳቤ ወጥተህ አታውቅም።

ለመጨረሻ ጊዜ ስንገናኝ የተናገርከው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» አልከኝ። ማኅበሩንም፣ ስብሰባውንም፣ ለሰፈሩ ትደክምለት የነበረውን ሥራም ሁሉ ተውክ። ሰው ባሕርዩ አይለወጥም፣ ስለዚህ አብሮ መሥራት ከንቱ ነው ብለህ ደመደምክ። ያኔ የምመልስልህ አጣሁ። ሰሞኑን ድሮ አብረን ያነበብነውን፣ ግሪኮች ትሮይ የተባለችውን ከተማ ሲወጉ የሚተርከውን የጥንቱን የግሪክ ባለቅኔ የሆሜርን ግጥም ኢሊያድን እንደገና ሳነብ ግን መልሱ እዚያ ውስጥ ያለ መሰለኝ።

መጀመሪያ ለአንተ የሚያደላውን ሰው ላንሳ፤ እንግሊዛዊውን ፈላስፋ ቶማስ ሆብስን። «ሌቪያታን» የተባለው መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1651 ነው። እንግሊዞች ለዓመታት እርስ በርስ ተላልቀው፣ ንጉሣቸውንም አንገቱን ከቀሉት ገና ሁለት ዓመት ነበር። ሆብስ ሰውን የሚያጣላው ሦስት ነገር ነው ይላል፦ ጥቅም፣ ሥጋትና ክብር። ሁሉን የሚያስፈራ የጋራ ኃይል ከሌለ ኑሮ የብቸኝነት፣ የድህነትና የአውሬነት ይሆናል፤ ዕድሜም ያጥራል። ይህ ሰው እርጅናውን በምን እንዳሳለፈ ታውቃለህ? ሆሜርን በመተርጎም! ኢሊያድንና ኦዲሲን በእንግሊዝኛ ግጥም መልሶ በ1676 ሲጨርስ ዕድሜው 88 ገደማ ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

የኢሊያድ መክፈቻ በእርግጥ የሆብስን ነገር ይመስላል። የግሪኮች የጦር አለቃ አጋሜምኖን የማረካትን ልጅ ለአባቷ እንዲመልስ ሲገደድ፣ የዋናውን ጀግና የአኪለስን ምርኮኛ ብሪሴይስን ነጠቀ። ጠቡ በሠራዊቱ ፊት ማን ይበልጣል ነው። አኪለስ ሰይፉን ሊመዝ ሲል አምላኳ አቴና ፀጉሩን ይዛ አስቆመችው። አኩርፎ ከውጊያው ቀረ። በዚያ ኩርፊያ ስንቱ አለቀ! በመጨረሻም የነፍሱ ወዳጅ ፓትሮክለስ በትሮዩ ልዑል በሄክተር እጅ ሞተ። አኪለስም ሄክተርን ገድሎ ሬሳውን በሠረገላ ጎተተው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ አንተ ትረታ ነበር። ግን 24ኛው ክፍል አለ።

የሄክተር አባት፣ ሽማግሌው ንጉሥ ፕሪያም፣ በሌሊት ወደ ጠላቱ ድንኳን ሄደ። በአኪለስ እግር ላይ ወድቆ ልጆቹን የገደሉትን እጆች ሳመ። አባትህን አስብ አለው። ሁለቱም አለቀሱ፤ ፕሪያም ለሄክተር፣ አኪለስ አንዴ ለአባቱ፣ አንዴ ለፓትሮክለስ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህን ለቅሶ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ከለቅሶው በኋላ ያለው ነው።

አኪለስ ሽማግሌውን አንስቶ ተቀመጥ አለው። ፕሪያም ልጄ ሜዳ ላይ ተጥሎ አልቀመጥም፣ አሁኑኑ ስጠኝ አለ። ያን ጊዜ አኪለስ እንደገና ጋለ። አታስቆጣኝ፣ እንግድነትህን ረስቼ እንዳልገድልህ አለው። አየህ? አልተለወጠም። ያው ቁጡ ሰው ነው። ከዚያ ግን ወጥቶ ገረዶቹን የሄክተርን ሬሳ አጥበው ቅባት እንዲቀቡት አዘዘ፤ ፕሪያም በማያይበት ቦታ። ምክንያቱን ሆሜር በግልጽ ይነግረናል። አባትየው የልጁን ሬሳ ቢያይ ንዴቱን መያዝ ያቅተዋል፤ እሱ ከተናደደ ደግሞ አኪለስ ይገድለዋል። አኪለስ የራሱን አመል ያውቃል። ስለዚህ አመሉ የሚነሳበትን አጋጣሚ ቀድሞ ዘጋው። ራት አበላው፣ አልጋ አዘጋጀለት፣ ለቀብሩ ስንት ቀን እንደሚያስፈልግ ጠየቀው። ፕሪያም ዘጠኝ ቀን እናለቅሳለን፣ በአሥረኛው እንቀብራለን፣ በአሥራ አንደኛው መቃብሩን እንሠራለን፣ ግድ ከሆነ በአሥራ ሁለተኛው እንዋጋለን አለ። አኪለስም ተስማማ። ጦርነቱ አላበቃም፤ ሄክተር ግን በክብር ተቀበረ።

ወንድሜ፣ ለአንተ ያለኝ መልስ ይኸው ነው። ሰው ባሕርዩ አይለወጥም ያልከው እውነት ሊሆን ይችላል። ባሕርዩን ማወቅና አጥር ማበጀት ግን ይችላል። ሕግና ጉባኤስ ሌላ ምን ሥራ አላቸው? የሆብስ ዘመን ፈላስፋ ስፒኖዛ ሳይጨርሰው በሞተው የፖለቲካ መጽሐፉ የኦዲሲን ጀግና ኦዲሲየስን ያነሳል። ኦዲሲየስ በዜማቸው መርከበኛን እየሳቡ የሚያጠፉትን የሳይረኖችን ዜማ ሲሰማ ፍቱኝ እያለ ቢለምንም፣ ቢቆጣም፣ ባልንጀሮቹ በገመድ ከታሰረበት የመርከቡ ምሰሶ አልፈቱትም። ባለመፍታታቸው ነው የታዘዙት፤ ቀድሞ በጤናማ ልቡ ያዘዛቸው እንዲያ ነበርና። ስፒኖዛ ነገሥታትም ሰዎች እንጂ አማልክት አይደሉም፣ በዜማ ይማረካሉ፣ ሕጉ እንዲያ አጥብቆ ይያዛቸው ይላል። አንተ ከማኅበሩ ስትወጣ የሄደው ከገመዱ ያዦች አንዱ ነበር። በጣም ነው ያዘንኩት።

ፕላቶን ግን እዚህ ላይ አልቀበለውም። በ«ሪፐብሊክ» 3ኛው ክፍል ሶቅራጥስን የሚያናግረው፣ የአኪለስ ለቅሶ ለወጣቶች አይነበብ፣ ሬሳ ጎተተም አይባል፣ ሬሳውን በገንዘብ ለወጠም አይባል እያለ ነው። የጀግናው ነውር ሁሉ ከተሰረዘ ያ ሌሊት ምን ይቀረዋል? ጎትቶ ያዋረደው እጅ ነው ያሳጠበው። ነውሩን ደብቀን ያሳደግነው ልጅ የራሱ ቁጣ የመጣበት ቀን ምን ያደርጋል?

ደግሞ ፕላቶ ራሱ ከሆሜር አልተላቀቀም። መጽሐፉን የሚዘጋው ነፍሳት ቀጣይ ሕይወታቸውን ሲመርጡ በሚያሳይ ታሪክ ነው፤ ከመራጮቹም መካከል የሆሜር ሰዎች አሉ። የአጋሜምኖን ነፍስ ከደረሰበት መከራ የተነሳ የሰውን ዘር ጠልቶ ንስር መሆንን መረጠ። የኦዲሲየስ ዕጣ የመጨረሻው ነበር። የድሮ ድካሙን አስታውሶ፣ የክብር ጥማቱ በርዶለት፣ የአንድ ተራ ሰው ጸጥ ያለ ኑሮ ለረጅም ጊዜ ፈለገ። ሌሎቹ ንቀው የተዉትን አንድ ጥግ ላይ አገኘው። የመጀመሪያው ዕጣ ቢደርሰኝም ይህንኑ እመርጥ ነበር አለ።

ሁለቱም ከአደባባይ ሸሽተዋል። አንዱ ግን ሰው ሆኖ ቀርቷል። ጸጥ ያለ ኑሮ መምረጥህ እኔን አያሳስበኝም፤ ደክመሃል፣ ይገባሃል። የሚያሳስበኝ በየትኛው ልብ እንደመረጥከው ነው። እስቲ ቁጭ ብለህ ጻፍልኝ። ከተቆጣህብኝም ቁጣህን ጻፍልኝ።

እናትህን ሳምልኝ።

ሁሌም የማይረሳህ ወንድምህ