ሲታ ማለት ትልም ነው

ይድረስ ለአባባ፤

ጤናዎ እንደምን ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሕንዶች ለሴት ልጅ የሚያወጡትን «ሲታ» የሚለውን ስም ትርጉም ጠይቀውኝ ነበር። ነገሩ ከእርስዎ ሙያ አይርቅም፤ በሳንስክሪት፣ በጥንቱ የሕንዶች ቋንቋ፣ ሲታ ማለት ትልም ነው፤ ማረሻ ቀዶ የሚያወጣው ያው መስመር።

ስሙ ከሰው በፊት የመሬት ነበር። ሪግቬዳ በሚባለው ጥንታዊ የሕንዶች ቅዱስ መጽሐፍ 4ኛ ክፍል፣ 57ኛው መዝሙር ላይ ትልሟ «ሲታ» እየተባለች ፍሬ እንድትሰጥ ትለመናለች። አርታሻስትራ በሚባለው የጥንት የአስተዳደር መጽሐፍም የመንግሥት እርሻ ሹም «ሲታድያክሻ» ይባላል፤ የትልም አለቃ እንደ ማለት። የሴት ስም ሆኖ የገነነው ራማያና በሚባለው የሕንዶች ታላቅ የጥንት ተረክ ነው። የሚቲላው ንጉሥ ጃናካ ሲያርስ ሕፃን ከትልም ብትወጣለት ስሟን ከዚያው አወጣላት። በመጨረሻም መሬት ተከፍታ መልሳ ወሰደቻት።

ጃናኪ፣ ቫይዴሂ ወይም ማይቲሊ ሲባል ቢሰሙ ሌላ ሴት እንዳይመስልዎ። ጃናኪ የጃናካ ልጅ፣ ቫይዴሂ የአባቷ አገር የቪዴሃ ሴት፣ ማይቲሊ የሚቲላ ሴት ማለት ነው። እንደ ጃናኪ ባለው ስም የአባት ስም እንደኛ ከኋላ አይከተልም፤ ድምፁ ተለውጦ ራሱ መጠሪያ ይሆናል።

ስም የሚወጣበትን ሥርዓት ናምካራን ይሉታል። እንደኛ ለሴት 80 ቀን አይጠበቅም፤ ብዙዎቹ በ11ኛው ወይም በ12ኛው ቀን ያደርጉታል። ኮከብ የሚያስቆጥሩት የጨረቃን መንገድ በ27 ይከፍሉና እያንዳንዱን እንደገና በ4፤ ለ108ቱም ክፍልፋይ የየራሱ መነሻ ድምፅ አለው። «ሲ» የሚደርሰው ጨረቃ ከ27ቱ አንዱ በሆነው በሻታቢሻ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ለተወለደች ነው። የማኑ ሕግ የሚባለው ጥንታዊ የሕንዶች የሕግ መጽሐፍ ደግሞ የሴት ስም ለአፍ የማይከብድ፣ መልካም ትርጉም ያለውና በረጅም ድምፅ የሚያልቅ ይሁን ይላል። ሲታ ይህን ታሟላለች። ሆኖም የሚቲላ ሰዎች የሲታና የባሏ የራማ ሠርግ በሚታሰብበት ዕለት ልጅ መዳር ይፈራሉ፤ ትዳሯ መከራ የበዛበት ነበርና።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። «ሲ» ተስቦ ካልተነበበ ቃሉ ሌላ ይሆናል፤ «ሲ» አጥሮ ሲነበብ «ሲታ» ነጭ ማለት ነው፣ ስኳርም ይባልበታል። የስም ዝርዝር የሚያዘጋጁ ሰዎች «ነጭ» ብለው የሚተረጉሙት ሁለቱን እያምታቱ ነው። የኛ ፊደል የድምፁን ርዝመት ስለማይለይ እርስዎ ሲጠሯት ሁለቱንም ሳብ ያድርጓቸው፤ ሲ...ታ።

ልጅዎ