በአሮጌ ካታሎግ የመቅደላን ሜዳሊያ ለምትፈልጉ

ሰላም ለሁላችሁ፣

የመቅደላ ዘመቻ ሜዳሊያዎችን በድሮ የጨረታ ካታሎጎች ማሰስ የጀመራችሁ አላችሁና ጥቂት ነገር ልበል።

የእንግሊዝ ጦር ለዘማቾቹ የሰጠው ሜዳሊያ ሌላ፣ የጀግንነቱ ሽልማት ሌላ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲያዝ ባሳዩት ድፍረት የቪክቶሪያ መስቀል ያገኙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የ33ኛው ሬጅመንት ወታደር ጄምስ በርጊንና ከበሮ መቺው ማይክል ማግነር። ስለዚህ ካታሎግ ላይ «የመቅደላ የጀግንነት ሜዳሊያ» የሚል ስታዩ ቶሎ አትደሰቱ።

የዘመቻው ሜዳሊያ ግን በቀላሉ ይለያል። ፊቱ ላይ ንግሥት ቪክቶሪያን ባለ ዘጠኝ ጫፍ ኮከብ ከቧታል፤ በጫፎቹ መካከል «አቢሲኒያ» የሚለው ቃል ዘጠኝ የእንግሊዝኛ ፊደላት አንድ በአንድ ተበትነዋል። የባለቤቱ ስም ደግሞ በዘመኑ እንደተለመደው ጠርዙ ላይ ሳይሆን ጀርባው መሀል፣ በቅጠል ጉንጉን ውስጥ ነው። ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው፤ ጀርባው በፎቶ ከወጣ፣ ፎቶው ቢደበዝዝም ስሙን መልቀም ይቻላል።

ስሙን ስታገኙ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ በደብሊው ኦ 100 (WO 100፤ የእንግሊዝ ጦር ሚኒስቴር ሰነዶች መለያ) ከተቀመጠው የሜዳሊያ መዝገብ ጋር አመሳክሩ። የካታሎጉን ሐተታ ብቻ አትመኑ፤ ለመሸጥ የተጻፈ ነው። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጫረ ዋጋ ወይም የገዢ ስም ካለ ግን እባካችሁ ፎቶ አንሱልኝ፤ እኔ ከታተመው ይልቅ እሱን ነው የምወደው። የጨረታው ቀን ያለበትን የሽፋን ገጽም አትርሱ።